የክዳኑ መቀመጫ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔ ግን ዛሬ ጠዋት ዘመድነቱ ትዝ አለው። በታላቅ ወንድሜ መታጠቢያ ቤት ቆሜ፣ አፌን በጥርስ ሳሙና አረፋ ሞልቼ ሳለሁ፣ ከበሩ ወዲያ ኮሪደሩ ላይ ጋሼ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ጋሼ የምለው ይኸው ታላቅ ወንድሜን ነው። ድምፁን የሚቀንሰው ደሞዙን ሲጠይቁት ብቻ ስለሆነ፣ አልሰማም ብልም አይቀርልኝም ነበር። «ቆይ፣ እሷ ምን አላት?» ይላል። «ባል የላት፣ ልጅ የላት። ሥራ ብትል ወረቀት ላይ መስመር ማስመር ነው፤ እሱን ማንም ያሰምረዋል። ትልቀቅና አባዬን ይዛ ወደ ቤቱ ትሂድ፣ እዚያው ታስታምመው። ማታ አንተም ናና ቁርጡን እንንገራት።» በወዲያኛው ጫፍ ያለው መሀለኛው ወንድማችን መሆኑን ያወቅሁት ክርክር ባለመነሣቱ ነው። መሀለኛው ከተወለደ ጀምሮ «እሺ» የሚል ሰው ነው፤ ሚስቱንም ያገባው እሷ ጠይቃው ነው ይባላል። አረፋውን ልተፋ ስል ዋጥኩት። ወጥቼ ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ ግን በፒጃማ ተጣልቶ ያሸነፈ ሰው አላውቅም። እስከ ምሳ ድረስ ባገሳሁ ቁጥር አፌ ሚንት ሚንት ይለኝ ነበር።

አባዬ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ወጥቶ፣ እናቴም ከሞተች በኋላ፣ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ ባለች ቤቱ ለብቻው ይኖር ነበር። ባለፈው አምፖል እቀይራለሁ ብሎ ወንበር ላይ ወጣ፣ ወንበሩ ከዳው፣ እግሩ ተሰበረ። ጋሼ በመኪናው ሄዶ አመጣው። ይህን አልክድበትም፤ እሱም እንዳልክደው በየቀኑ ያስታውሰኛል። ማስታመሙን ለሦስት ተካፍለን ተራ አውጥተን ነበር፤ ተራው ሲዞር ሲዞር መጥቶ እኔ ላይ ፍሬን ያዘ። ከሥራ ስወጣ የተከራየሁትን ክፍሌን በአውቶቡስ መስኮት እያየሁ አልፌ እዚህ እመጣለሁ፤ ሳሎኑ ውስጥ አባዬ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግቼ አድራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ያለችው አበባ ያለ ውሃ ደርቃ ሞታለች፣ ኪራዩ ግን በሕይወት አለ።

ሳሎኑ የሶፋው ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። ጋሼ ዋጋውን ለገባ ለወጣው ስለሚናገር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የእኔን የአምስት ወር ደሞዝ እምሽክ ያደርጋል። እትዬ፣ የጋሼ ሚስት፣ ከሱቅ የመጣበትን ላስቲክ እስከ ዛሬ አላነሣችለትም። ሲሞቅ ላስቲኩ ጭን ላይ ይለጠፋል፣ ሰው ሲነሣ ይጮኻል፣ እንግዳ ያፍራል። አባዬን በመስኮቱ በኩል ባለው ጫፍ አስቀምጠውታል። ከታች አደባባዩ ይታያል። ጀሶ የተጠቀለለ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ ሲሰድብ ይውላል። «ፍሬን! ፍሬን በል፣ አንተ የድንች ጆንያ! ሰው ነው እኮ የጫንከው!» እትዬ እንግዳ ሲኖርባት ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች።

ቁርስ ላይ የስልኩን ነገር ያነሣ የለም። ጋሼ ነዳጅ እንደጨመረ ነገረን። እትዬ እንቁላል ከነዳጅም እንደባሰ ነገረችው። አባዬ ሻዩን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው። እኔ ጋሼን ትኩር ብዬ ሳየው፣ እሱ የያዘውን ዳቦ አገላብጦ አገላብጦ አየው፤ ከሥሩ የሆነ ጽሑፍ ያለው ነው የሚመስለው። «ዛሬ ቶሎ ነይ፣ አንዳንድ ነገር እናወራለን» አለኝ በመጨረሻ። «ዛሬ እንኳ ፈተና አለብኝ» አልኩት። «ጥሩ፣ ጥሩ» አለና የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን ደባበሰ። የምን ፈተና ብሎ የጠየቀኝ የለም። እትዬም የእንቁላሉን ነገር ቀጠለች።

የምሠራው ፓምፕና የፓምፕ ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ ነው። ወረቀት ላይ መስመር አሰምራለሁ፤ እሱስ አልዋሸም። ቶርኖ ቤት ያሉት ሰዎች «እርሳስ» ይሉኛል፤ ቀጭን ስለሆንኩ፣ ደግሞ ሲያናድዱኝ ስለምሾል። ድሮ ሥራው ቀላል ነበር። ይህ ቀዳዳ ይህን ያህል ይስፋ፣ ይህ ጎን ይህን ያህል ይርዘም፣ በጥቂቱ ቢበልጥም ቢያንስም ግድ የለም እያልን ቁጥር እንጽፋለን። ቶርኖ ቤት ይቆርጣሉ፣ የጥራት ተቆጣጣሪዋ ትለካለች፣ ልክ ነው ትላለች፣ ዕቃው ይሄዳል። ከዚያ ደንበኛው መልሶ ይልከዋል። ልኩ ሁሉ ልክ ነው፤ ግን አይገጥምም። ቀዳዳው ስፋቱ ልክ ነው፣ የተቀመጠበት ቦታ ግን ሸሸት ብሏል። ጠርዙ ውፍረቱ ልክ ነው፣ ግን እንደ ቆየ ጫማ ተጣሟል። እኛ ቶርኖ ቤቱን እንሰድባለን፣ ቶርኖ ቤቱ እኛን ይሰድባል፣ ተመላሹ መጋዘኑን ይሞላል። በመጨረሻ አለቆቻችን ታከታቸውና አሠልጣኝ ቀጠሩልን።

አሠልጣኙ አጠር ያለ፣ ዘወትር ነጭ ጫማ የሚያደርግ ሰውዬ ነው። ከአፉ «ዜሮ ነጥብ ዜሮ ምናምን» ስለማይጠፋ ስሙን ዜሮ ነጥብ ብለነዋል፤ ያውቃል፣ እንዲያውም ደስ የሚለው ይመስለኛል። ትምህርቱ ሲጨመቅ ይኸው ነው፤ መጠኑን ብቻ ተናግረሽ አትሂጂ፣ ምን ያህል ጠፍጣፋ፣ ምን ያህል ክብ፣ ከምን ጋር ትይዩ እንደሆነም ተናገሪ። ለእያንዳንዱ ምልክት አለው፣ ምልክቱ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ አጠገቡ የተፈቀደ ስህተት በቁጥር ይጻፋል። ይቺን የተፈቀደ ስህተት የምትባል ነገር እንዴት እንደወደድኳት! እኛ ቤት ለእኔ የተፈቀደው ስህተት ዜሮ ነው፣ ለጋሼ የፈለገውን ያህል ነው፣ የጻፈው ሰው ግን የለም። ከሁሉ በፊት ደግሞ መነሻ ይመረጣል። መነሻ ማለት ዕቃው በየትኛው ፊቱ ተቀምጦ ነው ሌላው ሁሉ የሚለካው፣ እሱ ነው። ይህን ሌሊት ሌሊት አባዬ ሲያንኮራፋ ፍራሼ ላይ ተጋድሜ ስደግመው ከርሜአለሁ። «መጀመሪያ መነሻ፣ ከዚያ ቅርጽ፣ ከዚያ አቅጣጫ፣ ከዚያ ቦታ» እያልኩ፣ ጸሎት እስኪመስል ድረስ።

ዜሮ ነጥብ ፈተና በቀይ እስክሪብቶ አያርምም። ባለፈው ሳምንት አንድ አንድ የፓምፕ ክዳን መድቦ ንድፍ አሠራን፤ ንድፉን ለቶርኖ ቤቱ አለቃ ወስዶ ሰጠና፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ምንም ሳታዝን፣ የታዘዝከውን ብቻ ቁረጥ አለው። ዛሬ ክዳናችን እውነተኛ ፓምፕ ላይ ይታሰራል፣ ውሃ ይለቀቅበታል። ካላፈሰሰ አለፍሽ፤ ንድፍ በራስሽ ፊርማ ታወጫለሽ። ካፈሰሰ የሌላ ሰው ንድፍ እያባዛሽ ትኖሪያለሽ። ሌላ ቀን ቢሆን ብወድቅም ስቄ አልፈው ነበር። ዛሬ ግን ማታ እዚያ ሳሎን ተነሥቼ «ሥራዬን ማንም አይሠራውም፣ አልለቅም» ማለት አለብኝ። ወድቄ በየት አፌ እላለሁ? ማባዣ ማሽን አጠገብ ለመቆም ብዬ ነው አባቴን የማላስታምመው?

የቶርኖ ቤቱ አለቃ፣ ሲስቅ እንኳ ግንባሩ የማይፈታ ሰው፣ ክዳኔን በጨርቅ ጠርጎ አመጣው። ኧረ ማማሩ! የውጭ ፊቱ ሰፊ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ፀጉሬን ላስተካክልበት ምንም አልቀረኝ። መነሻ ያደረግሁት እሱን ነበር። ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ ደንበኛው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ይመረጣል? ቀዳዳውን ሁሉ ከእሱ አስለካሁ፣ ጠፍጣፋነቱ ላይም የፀጉር ስንጣቂ የማታህል ስህተት ብቻ ፈቀድኩ። ከኋላ ያለችውን ጠባብ ቀለበት፣ ያቺን የማትታየዋን፣ መጠኗን ብቻ ጽፌ አለፍኳት። አለቃው ክዳኑን የመለኪያው ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፍቶ በየአቅጣጫው ለካው። ሁሉም ልክ። «እርሳስ፣ ይህን ፊት ሳለሳልስልሽ ስንት ስለት ጨረስኩ መሰለሽ፤ ልትድሪው ነው እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ኮራ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ፓምፑ ላይ አጠበቁት፣ ውሃ ለቀቁበት። ውሃው በክዳኑ ዙሪያ ፊን ብሎ ወጣና የዜሮ ነጥብን ነጭ ጫማ፣ የእኔን ሱሪ፣ የተቆጣጣሪዋን ምሳ ዕቃ አዳረሰ።

ዜሮ ነጥብ አልተቆጣም፤ እግሩን አራግፎ ክዳኑን አስፈታና እጄ ላይ አኖረው።

«ይሄ የሚያምረው ፊት ሲገጠም ምን ይነካል?»

«አየር» አልኩ አስቤ አስቤ።

«አየር። ክዳኑ የሚቀመጠው በምኑ ነው?»

ጠባቧን ቀለበት በጣቴ ዳሰስኳት። ጎርበጥ ጎርበጥ ትላለች። «በዚች።»

«ታዲያ ለምን ከዚያኛው ተነሣሽ?»

«ስለሚያበራ» አልኩት። የቶርኖ ቤቱ አለቃ «በሬ ሆይ!» ብሎኝ ዞሮ ሄደ። ሣሩንና ገደሉን ለብቻዬ ጨረስኩት። ዜሮ ነጥብ ግን ጀማሪ ሁሉ የሚያበራውን እንደሚመርጥ፣ እሱም በዘመኑ አንድ ሙሉ የጭነት መኪና ዕቃ በዚህ ምክንያት እንዳስመለሰ ነገረኝና እስከ ሥራ መውጫ ጊዜ ሰጠኝ። አዲስ ንድፍ፣ አዲስ ጥሬ ክዳን፣ ያው ፓምፕ።

ምሳ ሳልበላ ተቀመጥኩ። ቀለበቷን መነሻ አደረግኋት፣ ጠፍጣፋነቱን ለእሷ ሰጠሁ፣ ቀዳዳዎቹንም ከእሷ አስለካሁ። ለሚያበራው ፊት ሰፋ ያለ ስህተት ፈቀድኩለት፣ እንደፈለገ ይሁን ብዬ። እጄ እዚህ ይሠራል፣ ሐሳቤ ግን ሳሎን ውስጥ ነበር። የእኛ ቤት የሚያበራው ፊት ማን እንደሆነ ለማወቅ አሠልጣኝ መቅጠር አያስፈልግም። ነገር ሁሉ የሚለካው ከጋሼ ነው፤ ከጋሼ ሥራ፣ ከጋሼ መኪና፣ ከጋሼ ሶፋ። ታዲያ ቤቱ የተቀመጠው በማን ላይ ነው? በእኔ! ወለል ላይ በምተኛው! በማትታየዋ! በጎርባጣዋ! እርሳሱን ተጭኜ ሰበርኩት። ሌላ ስቀርጽ ማታ የምናገረው ንግግር ከነመግቢያው ወጣልኝ፤ እንዲያውም መደምደሚያው ላይ ራሴው ላጨበጭብ ነበር።

አለቃው ሁለተኛውን ክዳን ሲያመጣው የክዳኑ የውጭ ፊት አመድ መስሏል፣ ስለቱ ያለፈበት መስመር ሁሉ ይቆጠራል። አጠበቁት። ዜሮ ነጥብ ለጫማው ፈርቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ውሃ ተለቀቀ። ሁላችን አጎንብሰን ዙሪያውን አየን፤ ምንም የለም። አለቃው መጋጠሚያውን በጣቱ ዞረበትና ደረቅ ጣቱን አሳየኝ። «ያንን ፊት ስለተውሽልኝ እግዜር ይስጥሽ» አለ፣ ግንባሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ያለ መሰለኝ። ዜሮ ነጥብ ንድፌ ላይ ፈረመ፣ አጠገቡ እኔም እንድፈርም እስክሪብቶውን ሰጠኝ። በጣም ተጠንቅቄ ስለፈረምኩ ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ።

አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ንግግሬን ለማመድኩ። «ይህ ቤት የተቀመጠው በምኑ ነው ጋሼ?» ስል አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ሌላ ትከሻዋ አዛወረች። ሾፌሩ በየማቆሚያው ሰው ሲያንገጫግጭ አባዬ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር ብዬ ሳቅሁ። ሴትዮዋ ይሄኔ ጭራሽ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ስደርስ ሁሉም ተሰብስበዋል። መሀለኛው ላስቲኩ እንዳይጮህበት ትንፋሹን ይዞ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ብስኩት አቅርባለች፤ እኛ ቤት ብስኩት የሚቀርበው ለእንግዳና ለመርዶ ነው። አባዬ በቦታው አለ፣ ሻይ ፊቱ ተቀምጦለታል። ጋሼ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ እንደምታውቁት አባታችን እንክብካቤ ያስፈልገዋል» አለ። «እዚህ ደግሞ ቤቱ ጠቧል።» «የዚያኛው አየርም ይስማማዋል» አለች እትዬ። «ይስማማዋል» አለ መሀለኛው። «ከኛ ሁሉ ደግሞ» አለ ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኑን ግን ትከሻዬ አናት ላይ አድርጎ፣ «ነፃ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ተነሣሁ። ላስቲኩ ጮኸ። «ቆይ ጋሼ» አልኩ፣ «ይህ ቤት የተቀመጠው በምኑ ነው?» ጋሼ ግራ ገባው። «በሲሚንቶ ነዋ» አለ መሀለኛው፣ ረጋ ብሎ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሳይጠየቅ የመለሰው ይህን ብቻ ነው። «አይደለም!» ብዬ ለቀቅሁት። ሌሊት ማን እንደሚነሣ፣ ኪኒኑን ማን እንደሚያውቀው፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ማን እንደሚይዝ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። እናንተ የምታበሩት እኔ ወለል ላይ ስለምተኛ ነው አልኩ። ጠዋት በሩ ላይ ያወራኸውን ሁሉ ሰምቼሃለሁ አልኩ፣ ጋሼም ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አየ፤ የከዳው እሱ ነው የሚመስለው። «እሱ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ታውቃላችሁ? እሱ ምን እንደሚያመው? እሱ ምን እንደሚወድ?» እሱ ባልኩ ቁጥር ጣቴን ወደ መስኮቱ እቀስራለሁ፤ በመጨረሻ ዓይኔ ጣቴን ተከትሎ ሄደ።

አባዬ ቁጭ ብሏል። ሻዩ ቀዝቅዟል። ከታች አደባባዩ በአውቶቡስ ተጨናንቆ ጥሩምባው ይጮኻል፣ እሱ ግን ማንንም አልሰደበም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዕቃው ሲራገፍ እንደሚጠብቅ ተሳፋሪ፣ ይሰማናል። ደነገጥኩ። ጋሼ ከሶፋው ተነሥቶ ለካ፣ እኔም ከራሴ ተነሥቼ ለካሁ፣ የምንጨቃጨቅበት ሰውዬ እዚሁ አጠገባችን ተቀምጧል። ጠዋት በውሃ ያሳጠበኝን ስህተት ማታ ደግሜ ገባሁበት። ያ ሁሉ የለማመድኩት መደምደሚያ ከአፌ ጠፋ።

«አባዬ» አልኩት። «አንተስ? የት መሆን ነው የምትፈልገው?»

«እኔ?» አለ፣ ከኋላው ሌላ ሰው እንዳለ ዞር ብሎ አይቶ። «እኔማ እዚሁ ተመችቶኛል።»

የእትዬ ብስኩት ከእጇ ወደቀ። «ግን አባባ፣ እዚያ አየሩ…» ስትል አባዬ እጁን አነሣ። «አየሩን ተይው ልጄ! እዚያ በመስኮቴ የማየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። በቀን አንድ መኪና ያልፋል፣ ነጂውም ጨዋ ነው፣ ምን ብዬ ልስደበው? እናታችሁ ከሞተች ወዲህ እዚያ ቤት የሰደብኩት ሰው የለም።» ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ከዳው፣ ግን ወዲያው መሪውን አስተካከለ። «እዚህ ሰው አለ። አደባባይ አለ። ይቺ ልጅ ሥራዋን ትሠራለች። ማስታመሙ በተራ ነው ተብሎ አልነበረም? ተራው ይዙር። ትልቁ፣ ከአንተ ይጀምር፤ ፍራሹ ደህና ነው፣ እሷን ጠይቃት። ደግሞ ይሄን ላስቲክ አንሡልኝ። መቀመጫዬ ተላጠ እኮ!»

ጋሼ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ሶፋውን አየች። «እሺ» አለ መሀለኛው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እኔ ልስቅ አፌን ስከፍት አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም ብትሆኚ አትኩሪ» አለኝ። «ስንት ሌሊት ስለ ክዳን ስትለፈልፊ እንቅልፍ ነሥተሽኛል። መነሻ፣ ቅርጽ፣ አቅጣጫ… ደግሞ ቦታ ነው መሰለኝ። አባዬ ምን ትፈልጋለህ ያልሽኝ ግን ዛሬ ነው።» ለካ ያንኮራፋል ስል ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማኝ ኖሯል። አፈርኩ። የቀሰርኩትን ጣቴን የት እንደምደብቀው ጠፋኝ። «እውነትህን ነው አባዬ» አልኩት፣ እንባዬም ሳልጠራው መጣ።

«ለመሆኑ ክዳንሽ ገጠመ?»

ቀኑን ሙሉ ከዚህ ቤት ስለ ፈተናዬ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። «ገጠመ አባዬ» አልኩት፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየደረሰ። «ምንም አላፈሰሰም።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ታዲያ ክዳኑን ደፍነሽ መጥተሽ አንቺ ታፈሻለሽ እንዴ?» አለና ወደ መስኮቱ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ፍሬን! ፍሬን በል፣ አንተ የድንች ጆንያ!» ጋሼ ተንበርክኮ፣ ከሶፋው ሥር የላስቲኩን ጫፍ ይፈልግ ነበር።